ቀለም ጥፋት አይሸፍንም፦ የሰረጎደ የመኪና በር ከመቀባቱ በፊት

ሊሙ ገነት ነን እንበል። መስከረም ገብቷል፤ ዝናቡ ግን ገና አልጨረሰም። የጓሮው ቡና መቅላት ጀምሯል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እሸቱ ቡና ከየቀበሌው ወደ ማጠቢያ ጣቢያ፣ የደረቀው ደግሞ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሥራ የሚያገኝበት ወቅት ነው።

አጎታችሁም አንዲት ያረጀች ፒካፕ አለቻቸው። ክረምት ላይ ጭቃ አንሸራቷት ከአጥር ግንድ ጋር ተጋጨች። በሯ ላይ ሳህን የሚያህል ቦታ ሰርጉዷል፤ ቀለሙም ተሰነጣጥቋል። "ይሄማ ምን አላት! ስቱኮ ለቅልቀን፣ አንድ ጣሳ ቀለም ገዝተን እንቀባታለን" ይላሉ። እናንተም እጅጌያችሁን ሰብስባችሁ ልታግዟቸው ተዘጋጅታችኋል።

ቆዩ! ሐሳቡ ክፉ አይደለም። እንዲህ ያለ ትንሽ ጉዳት በጥንቃቄ ከተሠራ ቤት ውስጥ ሊስተካከል ይችላል። ችግሩ "ቀለሙ ይሸፍነዋል" የሚለው እምነት ላይ ነው። ቀለም አይሸፍንም። የሚያብረቀርቅ ቀለም እንዲያውም ከስር ያለውን ጉድፍ አጉልቶ ያሳያል። ከቀለሙ ስር ዝገት ወይም እርጥበት ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ሥራው ሁሉ እየተላጠ ይወድቃል። ወጪው ባከነ፣ በሩም ተበሳ ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪኖች በስተቀር አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ያሉትን የነዳጅ መኪኖች ተንከባክቦ ማቆየት ከበፊቱም የበለጠ ጥቅም አለው። ስለዚህ እስቲ አጎታችሁ ቀለሙን ከመግዛታቸው በፊት፣ በበሩ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አብረን እንመልከት።

ጋራዥ ውስጥ የቀሩ ቃላት

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተጋጨ መኪና የሚያቀናው ባለሙያ ምን ይባላል? ባትላሜራ። ቃሉ የጣልያንኛ ነው፤ "ላሜራ ደብዳቢ" ማለት ነው። ላሜራ ደግሞ ስስ የብረት ቆርቆሮ ነው። ስቱኮም ከዚያው ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ሲተረጎም "ጭቃ ከልካይ" ይሆናል፤ ክረምት ላይ የሊሙን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረሩበት ጊዜና ከዚያም በኋላ በከፈቷቸው ጋራዦች በኩል እነዚህ ቃላት ወደ አማርኛ ገብተው ቀሩ።

ባትላሜራ የሚለው ስም ሥራውን ልክ ይገልጸዋል። ሥራው በመጀመሪያ ብረቱን ማቅናት ነው። ስቱኮ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ መዶሻ ያልደረሰበትን ለመሙላት ብቻ ነው። አጎታችሁ ግን ከሁለተኛው ሊጀምሩ ነው።

ላሜራ ለምን ተመልሶ አይቃናም?

አንድ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ፈልጉ። በጣም ትንሽ አጠፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ ወደ ቦታው ይመለሳል። አሁን በደንብ እጠፉት። ሲለቀቅ አይመለስም፤ እንደታጠፈ ይቀራል። ሁለቱም የአንድ ብረት ባሕርይ ናቸው። የመጀመሪያው ጊዜያዊ መታጠፍ ነው፤ አተሞቹ ትንሽ ተሳስበው ቆዩና ወደየቦታቸው ተመለሱ። ሁለተኛው ቋሚ መታጠፍ ነው፤ የአተሞቹ ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ ተንሸራተው አዲስ ቦታ ያዙ።

በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር በጣም ቅርብ ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ተራ የመኪና ብረት 1 ሚሊሜትር ያህል ቢለጠጥ ይመለሳል፤ ከዚያ ካለፈ ግን መለጠጡ ቋሚ ይሆናል። ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ የታጠፈውን ሽቦ ለማቅናት ሞክሩ። ምን አያችሁ? የታጠፈበት ነጥብ እምቢ ይላል፤ ከሱ ጎን ያለው ቦታ በምትኩ ይታጠፋል። ሽቦው ፍጹም ቀጥ አይልም፤ ትንሽ ጉብታ ይቀራል። ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አንድ ጊዜ የታጠፈ ብረት ከበፊቱ ይጠነክራል። በብረት ውስጥ ያሉት የረድፍ ጉድለቶች ሲታጠፍ ይበዙና እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ ልክ እንደተቋጠረ ክር፣ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይንሸራተቱም።

ይህን ይዛችሁ ወደ በሩ ተመለሱ። የሰረጎደውን ቦታ በደንብ ብታዩት ሁለት ክፍል አለው፦ መሐሉ ላይ ያለው ሰፊ ሆድ፣ እና ዙሪያውን ያለው ሹል ጠርዝ። ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው ሆዱ ላይ ነው፤ በመዶሻ የሚመታውም እሱን ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሆዱ በቋሚነት አልታጠፈም። በቋሚነት ታጥፎ የጠነከረው ጠርዙ ነው፤ ሆዱን ወደ ውስጥ አስሮ የያዘውም እሱ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ባትላሜራ መጀመሪያ የሚያላላው ጠርዙን ነው። ከበሩ ጀርባ ሆዱን በአንድ ከባድ ብረት ገፋ አድርጎ ይይዛል፤ ከውጭ ደግሞ ከፍ ያለውን ጠርዝ በቀላል መዶሻ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ያደርጋል። ከመሐል ሳይሆን ከዳር ወደ ውስጥ። ጠርዙ ሲላላ ሆዱ አንዳንድ ጊዜ በራሱ "ጧ!" ብሎ ይወጣል። የተጫነ ጀሪካን ሲለቀቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁት የለ? እሱ ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ በግጭቱ ጊዜ መጨረሻ የታጠፈው መጀመሪያ ይቃና።

ኃይል ሲበዛ ምን ይሆናል?

የብዙዎቻችን ስህተት ጠንክሮ መምታት ነው። የመኪና ላሜራ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በመዶሻና በብረት መካከል ተይዞ በኃይል ሲመታ፣ ልክ ሊጥ ሲዳመጥ እንደሚሆነው ይሳሳና ይሰፋል። ሊጡ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ እንደፈለገ ይዘረጋል። ላሜራው ግን ዙሪያውን በበሩ ታስሯል፤ የተረፈው ስፋት መሄጃ ስለሌለው ወደ ውጭ ይነፋል። እንዲህ ያለ ቦታ በጣት ሲጫኑት ይገባል፣ ሲለቁት ይወጣል። ይሄን ለማስተካከል ሙቀትና ልምድ ይጠይቃል፤ የቤት ሥራ መሆኑ እዚያ ላይ ያበቃል።

ስለዚህ ብዙ ቀላል ምት ከጥቂት ከባድ ምት ይሻላል። ደግሞም ፍጹም እስኪስተካከል አትድከሙ። 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀር ችግር የለውም፤ ዝቅ ያለውን ስቱኮ ይሞላዋል። ከፍ ያለውን ግን ምንም ነገር አይሞላውም፤ ሁልጊዜ ብቅ ብሎ ይታያል።

ስልካችሁ ላይ "ፈላ ውሃ አፍስሱበት፣ ከዚያ በረዶ አድርጉበት፣ ይወጣል" የሚል ቪዲዮ አይታችሁ ይሆናል። ይሄ የሚሠራው በፕላስቲክ የፊትና የኋላ መከላከያ ላይ ነው። አብዛኛው የመኪና መከላከያ ሲሞቅ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው፤ በጅማ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ቢሆንም ለማለስለስ በቂ ነው። ብረት ግን በዚህ ሙቀት አይለሰልስም። 30 ሴንቲሜትር ላሜራ በ50 ዲግሪ ቢሞቅ የሚረዝመው 0.2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ቀለሙ ያልተሰነጠቀ፣ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ስርጉድ አልፎ አልፎ ሊወጣ ይችላል፤ የአጎታችሁን በር ግን አያቀናውም።

ስቱኮ ጭቃ አይደለም፤ ግን ከምርጊት ብዙ ይማራል

ባሕላዊ ቤት ሲመረግ አይታችኋል? ጭቃው በአንድ ጊዜ ወፍራም ተደርጎ አይለጠፍም። መጀመሪያ አንድ ዙር፣ ሲደርቅ ሁለተኛ ዙር፣ በመጨረሻ ስስ ልስን። በአንድ ጊዜ ከወፈረ ይሰነጠቃል። ስቱኮም እንዲሁ ነው፤ አሠራሩ ግን የተለየ ነው።

ጭቃ የሚደርቀው ውሃው ተኖ ሲሄድ ነው። የመኪና ስቱኮ ግን "አይደርቅም"፤ በኬሚካላዊ ለውጥ ይጠነክራል። ጣሳው ውስጥ ያለው ፖሊስተር የሚባል ሙጫ ነው፤ ለማወፈር ታልክ የሚባል ለስላሳ የማዕድን ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ከጎኑ የምትገዙት ትንሽ ቱቦ ማጠንከሪያው ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ማጠንከሪያው ረጃጅሞቹን የሙጫ ሞለኪውሎች እርስ በርስ ማያያዝ ያስጀምራል፤ መረብ ይሆናሉ። ይህ ሂደት ሙቀት ያመነጫል። የተቀላቀለውን ስቱኮ በእጃችሁ ብትነኩት ሲሞቅ ይሰማችኋል።

ማጠንከሪያው የሚያስፈልገው በክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም። "ቶሎ ይጠንክር" ብሎ ማብዛት የተለመደ ነው። ጥፋቱ ግን ኋላ ይመጣል፦ የተረፈው ማጠንከሪያ ወደ ቀለሙ ሰርጎ ነጣ ባለ ቀለም ላይ ቢጫማ ነጠብጣብ ያወጣል። ማሳነስም አያዋጣም፤ ውስጡ ለዘላለም ልስልስ ይቀራል። ቀዝቀዝ ያለ ቀን ከሆነ በዛ እንዲል ከማድረግ ይልቅ ጸሐይ እስኪወጣ መጠበቅ ይሻላል። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ቀላቅሉ።

ስንት ይወፍር? ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ብረትና ፖሊስተር በሙቀት እኩል አይለጠጡም፤ ቀን ጸሐይ ላይ፣ ማታ ብርድ ላይ አንዱ ሌላውን ይጎትታል። በዚያ ላይ የኮረኮንች መንገድ ንዝረት አለ። ስስ ስቱኮ ከብረቱ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ወፍራሙ ግን አንድ ቀን እንደ ቅርፊት ይነሳል። ለዚህ ነው ብረቱን መጀመሪያ ማቅናት የሚያስፈልገው።

ዋናው ጠላት፦ ውሃ

አሁን ሁሉም ነገር የሚወሰንበት ቦታ ደረስን። ጅማና አካባቢዋ በዓመት ከ1,400 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ሰባት በርሜል ውሃ እንደማፍሰስ ማለት ነው። ቡናውን ደስ ያሰኘዋል፤ ላሜራውን ግን አያሰኘውም።

ብረት የሚዝገው አየርና ውሃ ሲያገኝ ነው። ብረቱ ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ተዋህዶ አዲስ ነገር ይሆናል። ይህ ዝገት የምንለው ነገር ከተሠራበት ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ከቀለም ስር የተፈጠረ ዝገት ቀለሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አረፋ የመሰለ እብጠት ይሆናል። እብጠቱ ሲፈነዳ ተጨማሪ ውሃ ይገባል። ዝገት ደግሞ ፈርፋሪ ስለሆነ ከስሩ ያለውን ብረት አይከላከልለትም፤ በልቶ በልቶ ይበሳዋል።

"ታዲያ የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ እየመታው ለምን ቶሎ አይዝግም?" ብትሉ ጥሩ ጥያቄ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ ዚንክ ተለብጧል። ዚንክ ራሱን መስዋዕት አድርጎ ከብረቱ በፊት ይበላል፤ ትንሽ ቢጫርም እንኳ በአካባቢው ያለውን ብረት ይጠብቃል። ብዙ አዳዲስ መኪኖችም ዚንክ አላቸው። ግን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ስትፍቁ ዚንኩንም አብራችሁ ታነሱታላችሁ። ያረጀችው ፒካፕ ከመጀመሪያውም ላይኖራት ይችላል። በሁለቱም መንገድ የተፋቀው ብረት ራቁቱን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ስቱኮ ውሃ የሚከላከል ይመስለዋል። አይከላከልም! ውስጡ ያለው ታልክና ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እርጥበት ይስባሉ። ስቱኮ የተለቀለቀ በር ሳይቀባ አንድ ሳምንት ደጅ ቢቆም፣ ዝናብና የሌሊት ጤዛ ጠጥቶ እርጥበቱን ብረቱ ላይ ያሳድራል። ከዚያ በላዩ ቀለም ቢቀባ እርጥበቱን ከብረቱ ጋር አብሮ መቆለፍ ነው። ውጪው ያምራል፤ ውስጡ መዛግ ጀምሯል። ስቱኮን በውሃ እያራሱ መፋቅም የማይመከረው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦

1. በሩን በሳሙናና በውሃ እጠቡ፤ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ቅባቱን በቲነር በራሰ ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ይህን ከመፋቃችሁ በፊት አድርጉት፤ አለበለዚያ ቅባቱን ከብረቱ ጭረት ውስጥ ትሞሉታላችሁ። ቤንዚን አትጠቀሙ፤ ቅባት ይተዋል፣ እሳትም ይጠራል።

2. ላሜራውን ከጠርዙ ጀምራችሁ አቅኑ።

3. ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፍቁ። ዝገት ላይ የተለጠፈ ስቱኮ አቧራ ላይ እንደተለጠፈ ፕላስተር ነው፤ የያዘው ብረቱን ሳይሆን የሚረግፈውን ነገር ነው።

4. ስቱኮውን በስሱ ለቅልቁ፤ ሲጠነክር በደረቁ ፍቁት፤ ካስፈለገ ሁለተኛ ስስ ዙር ጨምሩ።

5. በዚያው ቀን አንቲረስት ቀቡት። ጠዋት ራቁቱን የሆነ ብረት ማታ ልብሱን ለብሶ ይደር።

6. አንቲረስቱ ሲደርቅ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ቀለም ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ የሚረሳ ቦታ ደግሞ አለ፦ የበሩ የውስጥ ጀርባ። ስትመቱት ከጀርባ ያለው ቀለምም ተሰንጥቋል። እዚያም አንቲረስት ያስፈልጋል። ከበሩ ስር ደግሞ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በመስኮቱ በኩል የሚገባው የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ናቸው። የክረምት ጭቃ ይደፍናቸዋል። በቀጭን እንጨት ክፈቷቸው። ይህን ብቻ ማድረግ የበሩን ዕድሜ ያረዝማል።

ወንፊትና የብርጭቆ ወረቀት

ከብርጭቆ ወረቀት ጀርባ 80፣ 120፣ 240፣ 400 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ቁጥሩ ሲበዛ ወረቀቱ ይለሰልሳል። ለምን? ቁጥሩ መጀመሪያ የመጣው ከወንፊት ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ በአንድ ስፍር ውስጥ በበዛ ቁጥር እያንዳንዱ ቀዳዳ ይጠብባል፤ የሚያልፈው ቅንጣትም ይደቃል። ቁጥር 80 ላይ ያለው ቅንጣት 0.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቁጥር 400 ላይ ያለው 0.035 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ግማሽ አካባቢ።

ስቱኮውን በ80 ቅረጹት፤ ከዚያ 120 ወይም 180፣ ከዚያ 240፤ ከአንቲረስቱ በኋላ 400። ከ80 በቀጥታ ወደ 400 መዝለል አይሠራም። 400 የ80ን ጥልቅ ጭረት መጨረስ ስለማይችል ጭረቱ እዚያው ይቀራል፤ ቀለሙም እየደረቀ ሲሄድ ወደ ጭረቱ ውስጥ ይሰምጥና መስመሩን ያሳየዋል።

ወረቀቱን በጣታችሁ ብቻ ይዛችሁ አትፍቁ። ጣቶቻችሁ በሚጫኑበት ቦታ ቦይ ይቆፍራሉ። ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሉት። እንጨቱ ከፍ ያለውን ብቻ ይነካል፤ ዝቅ ያለውን አልፎት ይሄዳል። ዝቅ ያለውን ለማግኘት ጥቁር ስፕሬይ በጣም ስስ አድርጋችሁ እርጩበትና ፍቁ፤ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን? ምክንያቱ ብርሃን ነው። የሚያብረቀርቅ ቀለም እንደ መስታወት ነው። የመስታወት ሕግ ደግሞ ይታወቃል፦ መስታወቱ በ1 ዲግሪ ቢዘነብል የሚንጸባረቀው ብርሃን በ2 ዲግሪ ይዞራል። 6 ሴንቲሜትር ስፋት ላይ 1 ሚሊሜትር ብቻ ዝቅ ማለት 1 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለት ነው። በ5 ሜትር ርቀት ይህ የብርሃኑን ቦታ ወደ 17 ሴንቲሜትር ያዛውረዋል! ቀጥ ያለው የአጥር ጥላ በሩ ላይ እንደ እባብ ሲጣመም የምታዩት ለዚህ ነው። አንቲረስት ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ይህን ይደብቃል፤ የመጨረሻው ቀለም ሲቀባ ግን ጉዱ ይወጣል።

ከመቀባታችሁ በፊት ሁለት ፈተና አድርጉ። አንደኛ፣ ሲመሽ የስልካችሁን መብራት ከበሩ ጎን አስጠግታችሁ አብሩት፤ ጉብታው ሁሉ ጥላ ይጥላል። ሁለተኛ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና መዳፋችሁን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ አንሸራትቱ። የሚንቀሳቀስ እጅ ከፀጉር ውፍረት በጣም ያነሰ ጉብታ ይለያል። ልምድ ያላቸው ባትላሜራዎች ከዓይናቸው ይልቅ መዳፋቸውን የሚያምኑት በከንቱ አይደለም።

ለቀለሙም ቀን ምረጡለት። ከሸክላ እንስራ የሚጠጣ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ውሃው በሸክላው በኩል እየተነነ ሙቀት ስለሚወስድ ነው። ከቀለም የሚተነው ቲነርም በሩን እንዲሁ ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ቀዝቃዛው ቀለም ላይ የማይታይ ጤዛ ያርፍና ቀለሙ ወተት የመሰለ ጭጋግ ይለብሳል። ስለዚህ ረፋድ ላይ፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላና የከሰዓቱ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት።

ሳንባችሁና ቡናው

ቀጥሎ ያለውን እንደ ማስፈራሪያ ሳይሆን እንደ ሥራው አካል ውሰዱት። ስትፍቁ የሚነሳው አቧራ ወደ ሳንባ ይገባል። ያረጀ መኪና ቀለም ደግሞ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ኢትዮጵያም በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ ያወጣችው ለዚህ ነው። የድሮው ቀለም ግን ከደንቡ በፊት የተቀባ ነው። ጭምብል አድርጉ፤ ትንንሽ ልጆችን አርቁ፤ አቧራውን በደረቁ አትጥረጉት፣ በራሰ ጨርቅ ሰብስቡት፤ ከመብላታችሁ በፊት ታጠቡ።

የአቧራ ጭምብል የቲነርንና የቀለምን ትነት አያስቀርም። ስለዚህ ደጅ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ሥሩ፤ ከምድጃ ራቁ። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ባለሁለት ጣሳ የመኪና ቀለም ሲረጭ አስም የሚያስከትል ኬሚካል ስላለው ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይረጭም። እሱን ትክክለኛ ጭምብል ላለው የጋራዥ ባለሙያ ተዉለት። እናንተ ብረቱን አቅንታችሁ፣ አንቲረስት ቀብታችሁ ብታስረክቡ እንኳ ትልቁን ሥራ ጨርሳችኋል።

የሊሙ ልጆች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ። ቡና ሽታ ይስባል። አልጋ ላይ የተሰጣ ወይም ጆንያ ውስጥ ያለ ቡና አጠገብ ቲነር ከተረጨ፣ ሽታው ስኒው ድረስ ሊከተል ይችላል። የዓመት ልፋት በአንድ በር እንዳይበላሽ ከቡናው ርቃችሁ ሥሩ።

እጃችሁን የማታስገቡበት ጉዳትም አለ፦ ሻሲው ወይም የበሩ ምሰሶ ከተጣመመ፣ በሩ አልዘጋ ካለ፣ ላሜራው ከተቀደደ፣ ጉዳቱ ነዳጅ ታንኩ አጠገብ ከሆነ። እነዚህ የመልክ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ናቸው፤ በቀጥታ ወደ ባለሙያ።

ራሳችሁ ፈትኑት

ያልኳችሁን ሁሉ እንዲሁ አትመኑኝ። ከአንድ ጋራዥ ሦስት መዳፍ የሚያህሉ የላሜራ ቁራጮች ለምኑ፤ ጠርዛቸው ስለት ስለሆነ ተጠንቀቁ። አንደኛውን ውሃ እያርከፈከፋችሁ አዝጉትና ዝገቱን ሳትፍቁ ስቱኮና ቀለም ቀቡት። ሁለተኛውን በደንብ ፍቃችሁ ስቱኮ ብቻ ለቅልቁት፤ አትቀቡት። ሦስተኛውን ፍቃችሁ፣ ስቱኮ፣ አንቲረስትና ቀለም በቅደም ተከተል አድርጉለት፤ ጀርባውንም አትርሱ። ሦስቱንም ቁጥር ጽፋችሁ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ስቀሏቸው፤ በየሳምንቱ ፎቶ አንሷቸው።

መጨረሻ ላይ ስቱኮውን በስለታም ነገር ልጣችሁ ከስሩ ያለውን ብረት እዩ። በቀባችሁበት ቀን አንደኛውና ሦስተኛው አንድ ዓይነት ይመስሉ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን አንድ ዓይነት አይሆኑም። ሦስቱንም ይዛችሁ ሄዳችሁ ለአጎታችሁ አሳዩዋቸው፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን መቼ እንደሚገዙ ራሳቸው ያውቁታል።